ሰሜን ሸዋ፦ የአካባቢያችንን ታሪክ እንዴት እንሰብስብ፣ እንዴትስ እናካፍል?

ጣርማበር
ሰላም ለሁላችሁ። የሸዋ ታሪክ ሲነሳ አብዛኛው ሰው አንኮበርን፣ አንጎለላንና ምኒልክን ጠርቶ ያበቃል። የነገሥታቱ ተጽፏል። ያልተጻፈው የየቀበሌው ነው፤ ገበያው መቼ ቆመ፣ ታቦቱ ከየት መጣ፣ መንደሩ ስሙን ለምን ቀየረ፣ ወንዙ ዳር ያለው የድንጋይ ካብ የማን ነበር? ይህን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች እያለፉብን ስለሆነ አሰባሰቡን እዚህ በዝርዝር እንነጋገርበት። የምታውቁትን ጨምሩ፣ የተሳሳትኩትን አርሙ።

ከቦታ ስም ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ በአማራ ክልል «ሰሜን ሸዋ ዞን» አለ፤ በኦሮሚያም ፍቼንና ሰላሌን የያዘ ሌላ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ። በአሮጌ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱንም አታገኟቸውም። በጃንሆይ ዘመን «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት»፣ በደርግ «ሸዋ ክፍለ ሀገር» ነው የሚለው፤ ከሥሩም ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ የዛሬውን ቀበሌና ወረዳ፣ የድሮውን ወረዳና አውራጃ፣ ከዚያም ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም ጻፉ። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ጎጡን፣ ምንጩን፣ ዛፉን የሚያውቀው ሰው የቀበሌ ቁጥር አያውቅም።

ለአንድ ወሬ አንድ መስመር። በመስመሩ ላይ ቦታው፣ ነገሩ፣ ዘመኑ፣ ማን እንደነገረን፣ እሱስ ከማን እንደሰማው፣ ሌላ ማስረጃ መኖሩ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ ይፋ ይውጣ አይውጣ ይሰፍራል። ኤክሴል ካለ በኤክሴል፣ ከሌለ በደብተር። «እሱስ ከማን ሰማው» የሚለውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ሁለት ተራኪዎች አንድ ነገር ሲናገሩ ሁለት ማስረጃ ያገኘን ይመስለናል፤ ሁለቱም ከአንድ አባት የሰሙት ከሆነ ግን ማስረጃው አንድ ብቻ ነው።

ካርታ ለምትፈልጉ፣ የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው 1 ለ50,000 ካርታዎች ጥሩ ናቸው፤ በካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት 1 ኪሎ ሜትር ነው። በሳተላይት ምስል ስትፈልጉ ደግሞ ክብ ሆኖ የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ደኑ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ከሌለ፣ የፈረሰ ወይም የተዛወረ ደብር ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

ሞላሌ
ጣርማበር ጥሩ ጀመርክ። እኔ ስለ ትውልድ ቆጠራ ልጨምር፤ መንዝ ላይ ያለ ቆጠራ የሚሠራ ነገር የለም።

መንዝ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ የሚከፈለው በሦስቱ አቅኚ አባቶች ስም ነው ይባላል፤ ዛሬም ወረዳዎቹ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር ይባላሉ። ሽማግሌ ትውልድ ሲቆጥር ከእነዚህ ወደ አንዱ ሳይደርስ አያርፍም። ይህ ቆጠራ ግን ለታሪክ ተብሎ የተያዘ አይደለም፤ ለርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ፣ ሰው በቃሉ የሚይዘው መሬት የሚያስገኝለትን መስመር ነው። መሬት የማያስገኘው ቅርንጫፍ ይረሳል። ለክርክር የማይጠቅመው አያትም ከመሀል ይወድቃል። ተራኪው ሊያታልላችሁ ብሎ አይደለም፤ እሱም የተቀበለው እንደዚያው ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከነጋሲ እስከ ምኒልክ ያለውን የሸዋ ቤት እንደ ሚዛን ያዙት፦ ነጋሲ፣ ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ። 9 ሰው ነው። ነጋሲ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረ ነው። አንድ ሰው «አባታችን በነጋሲ ዘመን ነው ያቀናው» ብሎ ከራሱ እስከዚያ አባት 6 ስም ብቻ ከቆጠረ፣ ከመሀል ቢያንስ አራት አምስት ሰው ወድቋል። ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ስጡ። ሲጎድል «ተሳስተዋል» አይባልም፤ «በዚህ መሀል የተዘለለ ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን እንዳለ ጻፉ።

ሌላው፣ አንዱን ዘር ከሁለት ቅርንጫፍ ውሰዱ፤ ከወንድ ልጁ ወገንና ከሴት ልጁ ወገን። ለየብቻ ይሁን። ሁለት ሽማግሌ አንድ ላይ ካስቀመጣችሁ ታናሹ ዝም ይላል፣ የምትቀዱት የታላቁን ብቻ ይሆናል።

ዘመን ቆጣሪ
ዘመን ላይ ስሕተት ስለሚበዛ ትንሽ ልዘርዝር።

ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ቀኑ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ቀን ከዛሬው አቆጣጠር በአንድ ቀን ይለያል፤ ምክንያቱም ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. በ1900 ጳጉሜን እንደመጨመር ያለውን የፌብሩዋሪ 29 ቀን ሳይጨምሩ አለፉ፣ እኛ ግን ቆጠራችንን አላቋረጥንም። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ያን ዕለት በፈረንጅ ማርች 1 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን «ማርች 2፣ 1896» ብሎ የጻፈ ተሳስቷል። የምኒልክ ልደትም እንዲሁ፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ያኔ ኦገስት 17 ነበር፣ ዛሬ ቢሆን 18 ይውላል።

በብራና ላይ ዓመተ ዓለም ካገኛችሁ 5500 ቀንሱ። ፸፫፻፹ ማለት 7380 ነው፣ ስለዚህ 1880 ዓ.ም.። ፻ የሚያበዛው ከፊቱ ያለውን ነው፤ 73 ጊዜ 100 ሲደመር 80። በእጅ ጽሑፍ ፮ እና ፯ ስለሚመሳሰሉ ፎቶውን አጉልታችሁ ካላያችሁ በስተቀር አትወስኑ።

ወንጌላዊ ብቻ ከተነገራችሁ (ለምሳሌ «በዘመነ ዮሐንስ ነው የተወለድኩት») ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። ወንጌላዊው ዓመቱን አይነግራችሁም፤ ከአራት አንዱን ይመርጥላችኋል። ከሌላ ክስተት ጋር ስታያይዙት ነው ዋጋ የሚያገኘው።

ክስተቶቹም እነሆ፤ በሰሜን ሸዋ ሰው የሚያስታውሳቸው ወይም ከወላጆቹ የሰማቸው፦ ክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884፣ ከብቱ ያለቀበት)፣ የሰገሌ ጦርነት (ጥቅምት 17 ቀን 1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ማይጨውና የጣሊያን መግባት (1928)፣ የጣሊያን መውጣት (1933)፣ የመሬት አዋጅ (የካቲት 25 ቀን 1967)። ለዕድሜ ግምት «ጣሊያን ሲገባ ምን ትሠሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከ«ስንት ዓመትዎ ነው?» ይሻላል። ጥጃ ይጠብቅ ከነበረ ከ5 እስከ 7፣ ከብት ካገደ ከ8 እስከ 12፣ ሞፈር ከጨበጠ ከ14 በላይ። ግምት ስለሆነ «ገደማ» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ አታጥፉ።

የሩቅ ልጅ
ሁላችሁም ተባረኩ፤ እየገለበጥኩ ነው። የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። አክስቴ ደብረ ብርሃን ናቸው፣ የአያቶቻችንን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በስልክ መቅዳት ይሆናል? ጥያቄውን እንዴት ልጀምር?

ጣርማበር
እህቴ፣ ይሆናል፤ ግን የስልክ ጥሪውን ራሱን አትቅጂ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ስምና ቁጥር ላይ ነው ደግሞ የሚቆራረጠው። የተሻለው እንዲህ ነው፤ አንቺ በአንድ ስልክ ታናግሪያቸዋለሽ፣ እዚያ ያለ የዘመድ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ስልክ ይዞ አጠገባቸው ይቀዳል። ሁለተኛው ስልክ በአውሮፕላን (በረራ) ሁነታ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ይቋረጣል። ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ የታጠፈ ጋቢ ላይ ይቀመጥ፣ ከአፋቸው ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ። ጠረጴዛ ላይ ስኒ በተነሳ ቁጥር ይደበድባል። ቡና እየተወቀጠ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ አይቀዳ። መጀመሪያ 30 ሰከንድ ቀድቶ ያዳምጥ።

ቀረጻው ሲጀምር ልጁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአክስትሽን ስም ከነአባታቸው በድምፅ ይናገር፤ ቀጥሎም ፈቃዳቸውን ይጠይቅ፤ «ይህን ለቤተሰብ ብቻ እናስቀምጠው ወይስ ሌላም ሰው ይስማው?» መልሳቸው ቀረጻው ውስጥ ይግባ። ከ45 ደቂቃ በላይ አታድርጊው፤ ትልቅ ሰው ይደክማል፣ ሲደክም ያሳጥራል። ሁለትና ሦስት ቀን መመለስ ይሻላል፤ በሁለተኛው ቀን «ትናንት ረስቼው» ብለው የሚጨምሩት ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ነው።

አጠያየቅ ላይ ትልቁ ወጥመድ ይሉኝታ ነው። «ይህ ደብር በሣህለ ሥላሴ ጊዜ ነው የተተከለው አይደል?» ካልሻቸው «አዎ ልጄ» ይሉሻል። አዎ ያሉት ላለማሳፈር ነው። «ማን ተከለው ይባላል? ይህን ማን ነገረዎት? እሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?» በይ። ከሰው ይልቅ ከዕቃና ከቦታ መጀመርም ይቀላል፦ ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር፣ ገበያ የምትወጡት የት ነበር፣ ስንት ሰዓት ያስኬድ ነበር፣ ምን ይዛችሁ ሄዳችሁ ምን ይዛችሁ ትመለሱ ነበር? ከገበያ መንገድ የሚወጣው ታሪክ ያስገርማል፤ የድልድዩ፣ የኬላው፣ የሽፍታው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ብራና
በቤተ ክርስቲያን ስላለው ጽሑፍ ልናገር፤ ብዙ ወጣት በቅን ልቦና ሄዶ ተበሳጭቶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ፣ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ሌላ ደብዳቤ ያዙ። ከዚያ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው ታስገባላችሁ። ቁልፉ ያለው ብዙውን ጊዜ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ብቻቸውን ዕቃ ቤት አይከፍቱም፣ መክፈትም የለባቸውም። ሁለት ሦስት ሰው መገኘት አለበት። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ድንገት ደርሶ «አሳዩኝ» ማለት አይሠራም። በዓል ነግሦ ካህናቱ በተሰበሰቡበት ማግስት ቀጠሮ ያዙ። መጽሐፉ ወደ ደጀ ሰላም ይወጣል እንጂ እናንተ ዕቃ ቤት አትገቡም፤ ከግቢ ውጭ ደግሞ በምንም ምክንያት አይወጣም።

የአካባቢ ታሪክ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ አይደለም። ወንጌሉን ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ባዶ ቅጠሎች፣ ከዚያም ኅዳጉን እዩ። የርስት ስጦታ፣ የጉልት ድልድል፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ፣ የዕርቅ ውል እዚያ ላይ ነው የሚጻፈው፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን ማንም ስለማይደፍረው ነው። የምስክሮቹ ስም ከነማዕረጋቸው ይደረደራል። ለመንደር ታሪክ ያ ዝርዝር ወርቅ ነው፤ የጭቃ ሹሙ፣ የመልከኛው፣ የአለቃው ስም በአንድ ዘመን በአንድ ላይ ይገኛል።

ያስጻፈው ሰው ስም ላይ ተጠንቀቁ። መጽሐፍ እጅ ሲቀያየር አዲሱ ባለቤት የድሮውን ስም ፍቆ የራሱን ያስጽፋል። ቅጠሉን ከመስኮት በሚመጣ ብርሃን ፊት ሰያፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ያልተፋቀው ቆዳ ለስልሶ ያንጸባርቃል፣ የተፋቀው ግን ሻክሮ ጸጉራም ይመስላል፣ ቀለሙም እንደ ወንፊት ላይ ውሃ ወደ ዳር ዳር ይሰርጋል። እንዲህ ካያችሁ ስሙ መጽሐፉ ከተጻፈበት ዘመን በኋላ የገባ ነው፤ በስሙ ተነስታችሁ መጽሐፉን ዘመን አትስጡት።

ፎቶ ሲነሳ ፍላሽ አይበራም። ጣት በምራቅ አይረጥብም። ጥራዙ እስኪተኛ ድረስ አይጫንም፤ በሁለት በኩል የታጠፈ ነጠላ ደግፉት፣ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ከተከፈተ ይበቃል። ስልኩን ከቅጠሉ ትይዩ ያዙ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ። አንድ ሰው ይገልጣል፣ አንድ ሰው ያነሳል፤ ያው ሰው ሁለቱንም ከሠራ ቅጠል መዝለሉ አይቀርም። ባዶውንም ቅጠል አንሱ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ስብስብ ውስጥ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት የተነሱበት ሥራ ነው፤ የሸዋ አድባራት በብዛት አሉበት። ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም በኢንተርኔት የሚያሳየው ክፍል በነፃ ምዝገባ ይከፈታል። የደብራችሁ መጽሐፍ እዚያ ካለ በያኔው ሁኔታው ታዩታላችሁ፤ ዛሬ የጎደለ ቅጠል ካለም ያን ጊዜ ይታወቃል።

አሊዩ አምባ
መምህር ብራና እግዜር ይስጥልን። ከአንኮበር ቁልቁል ያለውን የይፋትን ነገር እኔ ልያዝ፤ የሰሜን ሸዋ ታሪክ ሲጻፍ ደጋው ላይ ይቀራል።

አንኮበር ዙፋን ሆኖ ሲኖር የሚበላውና የሚለብሰው ብዙው የመጣው በአሊዩ አምባ ገበያ በኩል ነው። አሞሌው፣ ጨርቁ፣ መሣሪያው ከአፋር በረሃና ከታጁራ በግመል ይመጣል፣ ከአምባው በላይ ግመል ስለማይወጣ በበቅሎና በአህያ ይቀጥላል። ነጋዴዎቹ አርጎባና ሐረሪ ሙስሊሞች ነበሩ። እዚህ የምትጠይቁት የርስት ቆጠራ አይደለም፤ የነጋዴ ቤት፣ የሼኽ ቤት፣ የመስጊድ አሠሪ ነው። ጽሑፍም አለ፤ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ አንዳንዱ በአገር ቋንቋ። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ ከባለቤቱ ጋር ሆነው የሚያነብ ሼኽ ያስፈልጋል።

ሂጅራ ዓመት ካገኛችሁ በ0.97 አባዝታችሁ 622 ደምሩ፣ የፈረንጁን ይሰጣችኋል። 1300 ሂጅራ፦ 1261 ሲደመር 622 ይሆናል 1883፤ ወደ እኛ 1875። እስከ አንድ ዓመት ሊስት ይችላል፤ ወሩ ከተጻፈ ጠበብ ማድረግ ይቻላል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ቀጥታ መደመር አይሠራም፤ «622 ደምሬ አገኘሁ» የሚሉ ጽሑፎች በ40 ዓመት የሳቱ አሉ።

የጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽም እዚሁ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ኖራ፣ አስበሪ፣ ማሳል ላይ የመስጊድና የቤት ፍርስራሽ አለ። ካብ አትንኩ፣ ለጎጆ የሚሆን ድንጋይ የሚያነሳ ካያችሁ ለወረዳው ንገሩ። ከሜዳ ላይ ሸክላ ስባሪ ማንሳትም ጉዳት ነው፤ ከቦታው ከወጣ ምንም አይናገርም። ባለበት ፎቶ አንሱት፣ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ።

የዚህ መንገድ ንግድ ሰውንም ያጓጉዝ ነበር። ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ የቤተሰብ ነገር ሲነገራችሁ፣ ጻፉት፣ ግን በሰው ስም ይፋ አታውጡት። ዛሬም የሚጋቡ የማይጋቡ የሚባባል ቤተሰብ አለ።

ቀይት
ይቅርታ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። መምህር ብራና እንዳሉት ተነስቶ ከተቀመጠ ማን ያየዋል? ፎቶው ሁሉ እዚሁ ይለጠፍ፣ ከነቦታው። ተደብቆ ነው እኮ የጠፋው።

ብራና
ቀይት ልጄ፣ ሐሳብሽ ይገባኛል፤ ተደብቆ በጭስና በአይጥ የጠፋ ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ለይተን እንያቸው። ጽሑፉ ይውጣ፤ የርስቱ ውል፣ የስም ዝርዝሩ፣ ኅዳጉ። ሥዕል ያለበትን ቅጠል፣ መስቀሉን፣ ዘውዱን ከደብሩ ስም ጋር አንድ ላይ ማውጣት ግን ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው። የሚሰረቀው የሚሸጠው ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ሥዕሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ከነደብሩ ስም፣ ሥዕሉን «ከሰሜን ሸዋ አንድ ደብር» ብሎ ማውጣት ይቻላል። ሙሉው ቅጂ በሁለት ይሁን፤ አንዱ ለደብሩ ራሱ፣ ሌላው ለወረዳው። ዕቃ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ፎቶው አለ?» ነው፤ ፎቶ የሌለው ቅርስ የእኛ ነው ብሎ ማስመለስ አይቻልም።

ጣርማበር
እዚህ ላይ ስልኩም ይከዳናል። ስልክ ሲያነሳ የቦታውን መጋጠሚያ ፎቶው ውስጥ ይጽፋል። በቴሌግራም «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ያንን ያጠፋዋል፣ ጥራቱንም ያወርደዋል፣ ኅዳጉ አይነበብም። «ፋይል» ብላችሁ ከላካችሁ ጥራቱ ይቆያል፣ መጋጠሚያውም ይቆያል። ስለዚህ ለማስቀመጥ በፋይል፣ ለመለጠፍ መጋጠሚያውን አጥፍታችሁ። ቅጂ ሦስት ይሁን፤ ስልኩ ላይ፣ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ከተማ።

ቀይት
መምህር፣ ሥዕሉን ከጽሑፉ መለየትዎ በቂ ነው። ተስማምቻለሁ።

የግብር ወረቀት
ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ያለውን አትርሱ። ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይዞ ከመሄድ በፊት የአያት ሳጥን ይከፈት። በጃንሆይ ዘመን የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ በብዙ ቤት አለ፤ ርስት ማስረጃ ስለነበር ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። አንድ ደረሰኝ የባለ ርስቱን ስም፣ አውራጃውን፣ ወረዳውን፣ አንዳንዴም የቦታውን ስም፣ የመሬቱን ስፋት በጋሻ (አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው)፣ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ መሆኑን ይነግራችኋል።

ቀኑ የጠፋበት ደረሰኝ በግብሩ ዓይነት ይታወቃል። የትምህርት ግብር የሚል ካለበት ከ1940 ወዲህ ነው። የጤና ግብር ካለበት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ። አሥራት የሚል ካለበት ከ1960 በኋላ ሊሆን አይችልም፤ በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። ሦስቱም አንድ ወረቀት ላይ ካሉ ዘመኑ ወደ አሥር ዓመት ጠበበ ማለት ነው።

ስታገኙት ወዲያው አትዘርጉት። ዘመን የኖረበት እጥፋት ላይ ይሰበራል። ማታ ከእርጥብ ጨርቅ አጠገብ (ሳይነካው) በተከደነ ሳጥን ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ልስልስ ይላል፣ ከዚያ በቀስታ ይከፈታል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ላሚኔት አታስደርጉ! ሙቀቱ ማኅተሙን ያደበዝዛል፣ ወረቀቱም ከፕላስቲኩ አይወጣም። በስኮች የተለጠፈም በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። የታጠበ አቡጀዲ ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስካነር ካገኛችሁ በ600 ዲፒአይ፣ በቀለም፣ ጀርባውንም። የጀርባው ማኅተም ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይልቅ ይናገራል።

ደረሰኙን ስትለጥፉ ድንበርና የጎረቤት ስም ያለበትን ክፍል ሸፍኑ። የመሬት ክርክር ዛሬም አለ።

ሞላሌ
ግሩም ነው። ስለ አርበኝነት ዘመን አንድ ሁለት ነገር።

በቀረርቶና በሙሾ ውስጥ ሰው በፈረስ ስሙ ነው የሚጠራው። ራስ አበበ አረጋይን «አባ ገስጥ»፣ ንጉሥ ሚካኤልን «አባ ሻንቆ» ይላችኋል። የፈረስ ስም ሳታውቁ የቀዳችሁት ግጥም የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል። በመስመራችሁ ላይ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም ለየብቻ ይሁን፤ ብራና ላይ ያለው የክርስትና ስሙ ነው፣ ግጥሙ ላይ ያለው የፈረሱ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው የዓለም ስሙ። ሦስት ሰው መስሎ አንድ ሰው ይወጣል።

የዘረት ዋሻን በተመለከተ፤ በሚያዝያ 1931 ጣሊያን አርበኞችንና ከእነሱ ጋር ዋሻው ውስጥ የነበሩ ቤተሰቦችን በመርዝ ጋዝ የፈጀበት ነው። አጽሙ አሁንም አለ። ወደዚያ የምትሄዱ ከቀበሌና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ሂዱ፣ ውስጥ ምንም አታንሱ፣ አጽም ፊት ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ። የሚያስፈልገው የስም ዝርዝር ነው፤ ማን ቤት ስንት ሰው አጣ? ይህን የሚያውቁት በዙሪያው ያሉ መንደሮች ናቸው፣ በተዝካርና በማኅበር ስም ሲጠራ ይኖራል። ቤት ለቤት፣ ጎጥ በጎጥ ሄዶ መመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ስም ከማን እንደተሰማ ይጻፍ።

የሩቅ ልጅ
ጥያቄ አለኝ። «ሣህለ ሥላሴ» ብዬ ስፈልግ ጥቂት ነው የሚወጣው፣ ምን እያጠፋሁ ነው?

ጣርማበር
ምንም አላጠፋሽም፣ ፊደላችን ነው። ሳህለ ስላሴ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ሳኅለ ሥላሴ ሁሉም ይጻፋል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሦስቱንም የተለያየ ቃል ያደርገዋል። ሰ/ሠ፣ ሀ/ሐ/ኀ፣ አ/ዐ፣ ጸ/ፀ እየቀያየርሽ ፈልጊ። በኤክሴላችን ላይ ሁለት አምድ አድርጉ፤ አንዱ ስሙ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሳይነካ፣ ሁለተኛው ለፍለጋ በአንድ ዓይነት ፊደል (ሁልጊዜ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ)። የመጀመሪያውን «ላርመው» ብላችሁ አትንኩ፤ አጻጻፉ ራሱ ዘመንና ጸሐፊ ይለያል።

የአውሮፓ ተጓዦችን ስትፈልጉ ደግሞ ጆሯቸው ቀ እና ከን፣ ጠ እና ተን አይለይም። ሚስዮናዊው ክራፍም ሆነ የእንግሊዙ ልዑክ ሃሪስ የሰሙትን ነው የጻፉት። የቦታውን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ከእነሱ የአንድ ቀን ጉዞ ርቀት ጋር በካርታው ላይ አስተያዩት።

ለምሳሌ እንዲሆን የመጀመሪያውን መስመር እኔ ልሙላ፦
ቦታ፦ አንጎለላ፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ፤ የድሮው ተጉለትና ቡልጋ። ነገሩ፦ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ ልዑክ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ዘመን፦ ኅዳር 7 ቀን 1834 (ኖቬምበር 16፣ 1841)። ማስረጃ፦ የውሉ ጽሑፍ። ይፋ፦ አዎ።

ዘመን ቆጣሪ
ጣርማበር፣ ቀኑን በዛሬው አቆጣጠር ቀየርከው። እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት ስለሆነ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ኅዳር 8 ቀን 1834፣ ዘመነ ማርቆስ (7334 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2)። «የቦታው የሕዝብ ስም» የሚለውን አምድም ባዶ ትተኸዋል፤ ውሉ የተፈረመበትን ግቢ የአንጎለላ ሰዎች ምን እንደሚሉት የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን።

ጣርማበር
አርሜዋለሁ፣ ኅዳር 8። የአንጎለላ ልጆች፣ ያቺ አምድ የእናንተ ናት።